የአንድ ሚሊዮን አንድ አካፋይ

ልጅ እያለሁ ከማንም ሰው በላይ ያሳፈረኝ አንድ ቁጥር ነው፤ አንድ ሚሊዮን አንድ። ሰው በቁጥር ያፍራል ወይ ትሉ ይሆናል። ቆዩማ፣ ልንገራችሁ።

ቂርቆስ፣ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። የሒሳብ መምህራችን አርብ ዕለት ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉና ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው አለ ወይስ የለም ብለው ጠየቁን። ሰኞ በትክክል የመለሰ ክፍላችንን ወክሎ ካዛንቺስ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄና መልስ ይወዳደራል። እስከ ሺህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል አሉን፤ ሺህ በሺህ ሚሊዮን ነውና፣ ከሺህ በላይ የሚያካፍለው ቢኖር ጓደኛው ከሺህ በታች መገኘቱ አይቀርም። ካልኩሌተር ያኔ ከባለሱቅ እጅ አይወጣም፤ የኛ እርሳስና የአሮጌ ደብተር ጀርባ ነበር።

ሀያት የግቢያችን ልጅ ናት። ያንን ውድድር ክፉኛ ፈልጋዋለች፤ አባቷም ማለፏ እንደማይቀር ቆጥረው አዲስ ሹራብ ገዝተውላታል። እኔ ለውድድሩ ግድም አልነበረኝ፤ ላግዝሽ አልኳት። ከመቶ እስከ አምስት መቶ ያሉትን ሰጥታኝ የቀረውን ሁሉ ለራሷ ወሰደች።

ከባዱን ላስቀድም ብዬ ከአምስት መቶ ወደ ታች ጀመርኩ። ቅዳሜን ሳካፍል ዋልኩ፤ ሁሉም ቀሪ አለው። እሑድ ሦስት መቶ አካባቢ ስደርስ ልጆች ለኳስ ቡድን ሲመርጡ ሰማሁ። በቃ፣ እርሳሱ እዚያው ቀረ። አመሻሹ ላይ ሀያት መጥታ መጨረሴን ስትጠይቀኝ «ቂርቆስን፣ አንድም አላስቀረሁም» አልኳት። እኛ ሰፈር በቂርቆስ ከተማለ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም ያምናል፤ ከዚያ በኋላ ማጣራት ሰውን መስደብ ነው።

ሰኞ ሀያት አዲሱን ሹራብ ለብሳ ተነሳችና የሚያካፍለው የለም አለች። መምህሩ 101 ጻፉ፤ ከሥሩ 9901። ሲያባዙት አንድ ሚሊዮን አንድ ወጣ። ከመቶ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር፣ የእኔ ድርሻ! ተካፍለን እንደሠራን ያውቁ ነበርና ማን እንደዘለለው ሲጠይቁ አንገቴን ደፋሁ። ሀያት «እኔ ነኝ» አለች። ሌላ ልጅ ሄዶ ተወዳደረ። እኔም አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ሳልላት አደግን።

በቀደም ስለዚያ ጥያቄ ሳጫውታት ልጄ ቁጥሩን ስልኳ ላይ ስትጽፈው መልሱ ወዲያው መጣ። ለዚህ ነው ሦስት ቀን የፈጃችሁት ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ግቢያችን ፈርሶ ሰዉ ተበትኗል፤ ከድሮ ዕድርተኞች የሀያትን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«እሑድ ኳስ ስትጫወት አይቼሃለሁ» አለችኝ። «ሰኞ ጠዋት ያንተን ልሞክረው ብዬ እርሳስ አንስቼ ነበር። ብሞክረው ግን አላመንኩህም ማለት ነው ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።»

ዛሬ ሁሉም ሳያጣራ አያምንም፤ ይሄም ሳይሻል አይቀርም። እንደዚያ ያመነኝ ሰው ግን ከሀያት በኋላ አላገኘሁም።