የተነቀለ ሳጥን

የልጅ ልጄን የሰፈሩ ሰው "ሽቦ" ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ከኪሷ ሽቦ ጠፍቶ አያውቅም። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ባሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እሷም ገና በዳዴ ስትሄድ ጀምሮ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አትጠፋም ነበር። ከእሱ የወረሰችው አንድ ሳጥን መሣሪያና አንድ ልማድ ነው። ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ስትነካ ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። በሁለት እጅ ከነኩት በደረት በኩል ስለሚያልፍ ልብን ያገኛል ይል ነበር ባሌ። እሱ ራሱ አንድ ቀን ይህን ረስቶ ሬዲዮ ሲነካ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ጋር አላተመውና ሁለት ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ። ያ ሬዲዮ ደግሞ ከሶኬት ተነቅሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ተነቀለ የተባለ ነገር አላምንም።

ሽቦ የምትሠራው ፍርድ ቤት ነው። የምስክሮችን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። የመሥሪያ ቤቱ የማዳመጫ መሣሪያ እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይላል። አንድ ጊዜ ድምፃቸው የደከመ ሽማግሌ ሲመሰክሩ ቃላቸው በዚያ እምታ ተውጦ አራት መስመር ባዶ ትታ አስረከበች። አለቃዋ ደብዳቤ ጻፉባት፤ ከደገመችው መዝገብ ቤት እንደሚያዛውሯት ጨምረው ነገሯት። በዚያው ሳምንት አምፖል የሚመስሉትን የአያቷን አሮጌ የሬዲዮ ቫልቮች ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥታ የራሴን የድምፅ ማጉያ እሠራለሁ ብላ ተነሣች።

ሁለቱ ቫልቮች አላስቸገሯትም። ያስቸገራት እነሱን የሚመግባቸው ክፍል ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል እየተንቀጠቀጠ ስለሚመጣ፣ ትራንስፎርመሩ ከፍ ካደረገው በኋላ ጣሳ የሚመስሉ ካፓሲተሮች ተቀብለው፣ እንደ ውኃ ታንከር አጠራቅመው፣ ሳያንቀጠቅጡ ይሰጣሉ። ታንከሩ ትንሽ ከሆነ መንቀጥቀጡ ጆሮ ድረስ ይደርሳል። ትልቅ ከሆነ ጸጥ ይላል። ግን ትልቅ ታንከር ሶኬቱ ስለተነቀለ ብቻ አይጎድልም።

"ታዲያ ጸጥ ባለ ቁጥር ይበልጥ ይገድላል ማለት ነው?" አልኳት።

"እምዬ፣ አንቺ እኮ ከመሐንዲስ ይልቅ ባጭሩ ትጨርሺዋለሽ" ብላ ሳቀች። አይደለም ግን አላለችም።

የተጠራቀመውን ቀስ እያደረገ የሚያፈስ፣ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ሬዚስተር በየደችለት። ኃይል መለኪያውን ቴስተር ከማጉያው ሣጥን ጋር በመቆንጠጫ አያይዛ እኔን ፊት ለፊቱ አስቀመጠችኝ። ፊደል ያስተማረችኝ እሷው ናት፤ በስተርጅና ስማር ቁጥር ከፊደል ቀድሞ ገብቶኛል። ሥራዬ ሶኬቱን ስትነቅል የቮልቱን ቁጥር ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ከዐሥር በታች ሳልል እጇን አታስገባም። "ዘበኛዬ" ትለኛለች። ባሌ ጣቶቹ ከተጎዱ በኋላ ያስተማረኝንም አልረሳሁም፤ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ አይጎትቱም፣ በደረቅ እንጨት ነው የሚያስለቅቁት። ስለዚህ የመጥረጊያውን ዘንግ ጭኔ ላይ አጋድሜ እቀመጣለሁ። እሷ ትስቃለች፤ እኔ አልስቅም።

እምታው በመጀመሪያው ቀን አልጠፋም፤ ካፓሲተር ጨመረች። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ሌላ ጨመረች። በጨመረች ቁጥር ቁጥሩ ለመውረድ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ሦስት መቶ አርባ፣ ሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ ስልሳ፤ ልክ እንደኔ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደረጃ ሲወርድ። እኔ እያነበብኩ በልቤ ደረጃውን አብሬው እወርዳለሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ትልቁን ጣሳ ገጠመችው። ሰኞ የአንዲት ሕመምተኛ ሴት ምስክርነት ይደርሳታል፤ ሴትየዋ የምትናገረው በሹክሹክታ ነው ብለው አስቀድመው ነግረዋታል። ቸኩላለች። ሞከረችውና ለካች፤ አንድ ሽቦ መቀየር እንዳለበት አየች። ከወንበሯ ሳትነሣ ገመዱን ይዛ ሶኬቱን ጎትታ ነቀለችው። ጠረጴዛው ተንገጫገጨ።

"ስንት ይላል?"

"ሦስት መቶ አርባ" አልኩ። ወዲያው፣ "ዜሮ።"

ያየሁትን ነው ያነበብኩት። አንብቤ ሳልጨርስ ዘንጉን ጨበጥኩ። እሷ የሽቦ መቁረጫዋን ይዛ ቀኝ እጇን ሰደደች። ግራ እጇ ኪሷ ውስጥ አልነበረም፤ የሣጥኑን ብረት ይዟል። ለመናገር ጊዜ አልነበረም። በመጥረጊያው ዘንግ ቀኝ ክንዷን ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት።

መቁረጫዋ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ክንዷን ይዛ ዘወር አለች፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

"ምን ሆነሻል? አንቺው አይደለሽ እንዴ ዜሮ ያልሽው?"

"አልወረደማ" አልኩ። "ሁልጊዜ ይወርዳል። አሁን ዘለለ።"

ጎንበስ ብላ በዐይኗ ፈለገች። ገመዱን ስትጎትት መቆንጠጫው ከቦታው ወልቆ ሽቦዎቹ ሥር ተጋድሟል። ቴስተሩ ዜሮ ያለው ምንም ስላልነካ ነው። ግራ እጇን ኪሷ ከተተች፤ በቀኟ መቆንጠጫውን በፕላስቲኩ ይዛ መለሰችው። እኔ አነበብኩ። ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት። ጠበቅን። ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት። ደረጃውን የሚወርድ የለም። የባቄላ ፍሬ የምታህለው ሬዚስተር አንድ እግሯ ከብየዳው ተላቆ ተንጠልጥሏል።

ሌላ ሬዚስተር ደረቅ እንጨት ጫፍ ላይ አስራ ከሩቅ አስነካችው። ቁጥሩ ወረደ፤ እስከ ሁለት ድረስ አነበብኩላት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ክንዷ ላይ የመጥረጊያው ምልክት ቀልቷል። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"አባባ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር?" አለች አያቷን አስባ።

"እሱማ ቢኖር ደጋግሞ ያስመታሽ ነበር" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

እሑድ ንድፉን እንደገና ሣለችው። ማፍሰሻ ሬዚስተሩን አንድ የነበረውን ሁለት አደረገችው፤ አንዱ ቢላቀቅ ሌላው እንዲያፈስ። እግሮቻቸውን ብየዳ ብቻ እንዳይይዛቸው አስቀድማ በሽቦ ጠመዘዘቻቸው። ሣጥኑ ውስጥ ክፉው ኃይል እስካለ ድረስ የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት ጨመረች። ተለካ፣ ወረደ፣ መብራቷም ጠፋች። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ምንም አይሰማም። እምታ የለም፤ ሹክሹክታ ቢኖር አንድም አያመልጥም። እኔን ያ ጸጥታ ከእምታው ይልቅ አስፈራኝ፤ ምን ያህል እንዳጠራቀመ አውቃለሁና።

ክዳኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ሊለጠፍ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ የማያውቅ ሰው ይከፍተው ይሆናል። ብዕሩን ለእኔ ሰጠችኝ። እጄ ተንቀሳቅሶብኝ ፊደሎቹ አንዱ ቀና አንዱ ጎበጥ አሉ። "ተነቅሏል ብለህ አትንካ። ለካ።" ላስተካክለው ሌላ ወረቀት ብጠይቃት ከለከለችኝ።

"እንዲሁ ይሁን" አለች። "የታተመ ቢሆን ማንም አያነበውም። ይሄን ያየ ግን የጻፈው ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር ያውቃል።"

ሰኞ ጠዋት ሣጥኑን በፎጣ ጠቅልላ አቅፋው ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ እስክትታጠፍ አየኋት። አንዱ እጇ ሣጥኑን ይዟል፤ ግራው ኪሷ ውስጥ ነው።