እስኪመሽ የተጠመደው ማሽን

ቢቸና ውስጥ ወፍጮ ቆሞ ሰው ሲጨነቅ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ሞተር መፍታት የተማርሁት ራሴ ፈትቼ ነው፤ መግጠም የተማርሁትም የፈታሁት አልገጥም ብሎኝ ነው። ይህን የማስቀድመው ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ የሆነውን ማን እንደሚያወራ እንዲታወቅ ነው። ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይነፋል።

ሞጣ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ጥሩወርቅ ባሏ ከሞተ በኋላ መኪናውን ሸጠች። ፕላስቲክ አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ እየገፋ የጀሪካን ክዳን የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሽን ልትገዛ ነው። በአገራችን ክዳን ሲጠፋ ጀሪካኑ በበቆሎ ቆረቆንዳ ስለሚወተፍ፣ ገዢ እንደማታጣ አውቃለች። ማሽኑ ቢከዳት ግን ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ ነገር አልቀራትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳያዩት አልገዛም» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ባሕር ዳር ያለው ሻጭ ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች ነበሩት። አንዱ ተወልውሎ፣ ገና ስንገባ እየሠራ ጠበቀን። ጥሩወርቅ የሚወድቀውን ክዳን እያነሣች ፈገግ ትላለች። ሌላው ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ቆሟል።

የቢቸና ሰው በሬ ሲገዛ በቆዳው ማማር አይታለልም። ለጋሚ በሬ ጠዋት ይሮጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ከነቀንበሩ ይተኛል። ስለዚህ ወንበር አስመጣሁና «እስኪመሽ ይሥራ» አልሁ።

ሻጩ ሳቀ። «አባባ፣ ይህ እኮ በሬ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። በሬ ቢሆን ጥርሱን አይቼ እሄድ ነበር።»

ጥሩወርቅ አፍራ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

ከምሳ በኋላ ማሽኑ ጎደሎ ክዳን ማውጣት ጀመረ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ቆመ። ሻጩ «ኃይል አንሶት ነው» አለ። የሱቁ አምፖል ግን ሳይደበዝዝ እንደበራ ነው። እጄን ወደ ሞተሩ ሳስጠጋ ገና ሳልነካው ፈጀኝ።

«ይኸው በሬህ ተኛ» አልሁት ሻጩን። «በል ነገ ያንን አቧራማውን ጥመድልኝ።»

በማግሥቱ ጠመደው፤ እኔም ወንበሬ ላይ ዋልሁ። ቅርጹ ሲዘጋ ይንቋቋል እንጂ፣ የጠዋቱ ክዳንና የማታው ክዳን አይለይም ነበር። እሱን ገዛን።

ጥሩወርቅ ዛሬ እስከ ቢቸና ድረስ ክዳን እየሸጠች ልጆቿን ታስተምራለች። እኔም የሠራሁትን ልናገር፦ ማሽኑን መረጥሁ፤ ሞጣ ወስጄ በእጄ ተከልሁ፤ መብራት ሄዶ ሆዱ ውስጥ የደረቀውን ፕላስቲክ ማሽኑን ሳልሰብር አወጣሁ፤ መብራት ሲመለስ በደንብ ሳይሞቅ ማንም እንዳያስነሣው ሕግ አወጣሁ፤ ባለፈው ቅዳሜም የቢቸናን ገበያ ከዳር እስከ ዳር ዞሬ፣ ቆረቆንዳ የተወተፈበት ጀሪካን አጣሁ።