ሙና ስልኳ ላይ ያነበበችው መርዶ

የእህቴ ልጅ ሐና ባለፈው እሑድ ሳሎን ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ ረጅም ነገር ስትጽፍ ቆየች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ሰው ሁሉ ፌክ ሆኗል፣ አክስቴ። እኔ የምር የሚሰማኝን ብቻ ነው ፖስት የማደርገው» አለችኝ። አነጋገሯ የራሴን የሃያ ዓመት አፍ ስለመሰለኝ ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሙና ትዝ አለችኝና ሳቄ ጠፋ።

ሙና የልጅነት ጓደኛዬ ናት። አየር ጤና፣ አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። አባቷ ጋሽ ሸምሱ ደጃቸው ላይ ፓስቲ ይጠብሱ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ መንገዱ በእሳቸው በኩል ነው። ትኩሱን ከአሮጌ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልለው ሲሰጡን ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ጣታችንን ያቃጥለን ነበር። አንድ ጊዜማ እኔው ራሴ በወደቅኩበት የሒሳብ ፈተና ወረቀት ተጠቅልሎ ደረሰኝ። ጋሽ ሸምሱ ውጤቱን አይተው ኖሮ ሌላ ፓስቲ ጨመሩልኝ።

ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ ገባን፤ እኔ እዚሁ፣ እሷ ጅማ። ስማርት ስልክ ገና እጃችን የገባበት ጊዜ ነበር። እኔ ታዲያ ገጼ ላይ በግልጽነቴ የታወቅኩ ሆንኩ። የሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ የሚነሳውን፣ ከሌላ ገጽ የገለበጠውን ሐዘን የራሱ አስመስሎ የሚለጥፈውን መሳቂያ አደርግ ነበር። የኔ ከልብ ነው ባይ ነበርኩ። ልቤ ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ዝም ማለት አይችልበትም።

ሰኔ ግም ሲል ጋሽ ሸምሱ በድንገት አረፉ። ማታ ደህና የነበሩ ሰው ጠዋት አልነቁም። የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ። አጎቷ ለሙና ደውለው፣ «አባትሽ ትንሽ አሞታልና ነገ ነይ» አሏት። ከአውቶቡስ ስትወርድ እኔና አክስቷ እትዬ ሐሊማ ተቀብለናት ቤቴል እሳቸው ቤት ልንወስዳት ነው። እህል ቀምሳ ታርፋለች፤ ሲነጋ ትልልቆቹ በተሰበሰቡበት መርዶው ይነገራታል። የኔ ሥራ ከጎኗ አለመለየት ነበር፤ ስትወድቅ እንድይዛት።

ውሸቱ አናደደኝ። «ለምን እውነቱን አንነግራትም? ልጅ አይደለችም እኮ» አልኩ።

እትዬ ሐሊማ አልተቆጡኝም። «ይነገራታል እንጂ፣ መሲ። ሰው ባለበት ነው የሚነገራት። መንገድ ላይ ብቻዋን ሆና ትስማው እንዴ?»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አውቶቡሱን እጠብቃለሁ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። የጋሽ ሸምሱ ምድጃ ደጅ ላይ ቀዝቅዞ፣ አመዱ በውኃ ርሶ ሳየው አላስቻለኝም። ስልኬን አወጣሁ። «ዛሬ ሰፈራችን ፓስቲ አልሸተተም» ብዬ ጀመርኩ። «ትኩሱን ለልጆች ሰጥቶ የተሰባበረውን ለራሱ የሚያስቀር ሰው ትናንት ቀበርን።» ስም አልጠቀስኩም። ስም ካልጠቀስኩ ምን ችግር አለው አልኩ፤ ደግሞ መንገድ ላይ ኔትወርክ የት ይገኛል? እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። እንባዬ የምር ነበር። ከለጠፍኩት በኋላ ግን ስንት ሰው እንዳነበበው እየደጋገምኩ ከፍቼ አይ ነበር፤ ይህም የምር ነው።

አውቶቡሱ ወሊሶ ለምሳ ሲቆም የሙና ስልክ ኔትወርክ አገኘ።

አየር ጤና ስትደርስ የማናውቃት አንዲት ሴት ትከሻ ላይ ተደግፋ ወረደች። ሻሿ ወልቋል፤ ድምጿ አልቋል። «ማነው የነገራት?» ብለው እትዬ ሐሊማ ጮኹ። «ከወሊሶ ጀምሮ እንዲህ ናት። ስልኳን ስታይ ነው የጮኸችው» አለች ሴትየዋ። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። ሙና አየችኝና ፊቷን ወደ ሴትየዋ አንገት መልሳ ሸሸገች። እትዬ ሐሊማ ነጠላቸውን አውልቀው የሙናን ራስ ሸፈኑ፤ ምነው እኔን በሰደቡኝ ኖሮ።

ሙና አልተጣላችኝም። ዛሬም ጓደኛዬ ናት፤ ልጆቿ አክስቴ ይሉኛል። ስለዚያ ቀን የተነጋገርነው አንዴ ብቻ ነው፤ ቤቴል ጁስ ቤት ተቀምጠን፣ ስፕሪሷን በማንኪያ እያማሰለች ሳላስበው ጀመረችው።

«ጽሑፍሽ ያምር ነበር። አንድም ውሸት የለውም» አለች። ቀና ብላም አላየችኝ። «ግን አባቴ መሞቱን ስሰማ ያቀፈችኝን ሰው ስሟን እንኳ አላውቀውም። አንቺ መሆን ነበረብሽ፣ መሲ።»

ይቅርታ አልኳት። አሁንም በሆዴ እላለሁ። ውሸት ጽፌ ቢሆን ኖሮ ውሸታም ነበርኩ ብዬ እገላገል ነበር። እሱ ጽሑፍ ግን ዛሬም ባነበው ሐሰት ነው ብዬ ከውስጡ የማወጣው ቃል የለም። የጻፍኩት ለእሳቸው ነው እላለሁ፤ እሳቸው አያነቡትም። ለሙና እንዳልል ደግሞ እንዳታየው እየተመኘሁ ነው የለጠፍኩት።

አሁን ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ስልኬን ቤት አስቀምጬ እሄዳለሁ። ለለቅሶ ክብር የማደርገው ይመስላቸዋል። ማን እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ እጄ ባዶ እንዲሆን ነው። እስካሁን የወደቁትን ሁሉ ይዣለሁ። የሙና አባት ግን ሁለተኛ አይሞቱም።