የለሊሴ ቀሚስ የጠበበበት ምክንያት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ሐሜቴን ነግሬአቸዋለሁ፣ ጾም መሻሬን ነግሬአቸዋለሁ፣ ከባለቤቴ እህት ጋር ተኳርፌ መክረሜንም ነግሬአቸዋለሁ። እዚች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰርና «ሌላ የለኝም አባቴ» ብዬ እነሳለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። አታውቁኝም፣ እሱ ይሻላል።

ሰበታ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሐበሻ ቀሚስ፣ በተለይ የሙሽራ። እጄን ያመሰግኑታል፣ አፌን ደግሞ ይፈሩታል። «እትዬ አስካለ ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት፣ ይሉኝታ የላቸውም» ይላሉ ደንበኞቼ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሌላው ቢቀር እውነተኛ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

ለሊሴ የሠርግ ቀሚሷን ልታሰፋ ከአባቷ ከኦቦ ደበላ ጋር ከዓለም ገና መጣች። ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ሞላ ያለች፣ ሳቂታ ልጅ። ጤና ጣቢያ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል ስላሏት ክብደት መቀነስ ከጀመረች ወራት አልፈዋት ነበር። ክኒን የለ፣ ራስን ማስራብ የለ። ለስላሳ መጠጥ ተወች፣ የሻዩን ስኳር ቀነሰች፣ እንጀራውን አሳንሳ ጎመኑንና ምስሩን አበዛች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሥራ ከመግባቷ በፊት ከአባቷ ጋር የፉሪን ዳገት ትወጣለች። «ቀስ እያልኩ ነው፣ ግን እየቀነስኩ ነው» አለችኝ፣ እጆቿን ዘርግታ ሜትሩን ሳዞርባት። ኦቦ ደበላ ሳቁ። «እኔን ጥላኝ ነው የምትሄደው» አሉ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

አንድ የሙያችንን ነገር ልንገራችሁ። የሙሽራ ቀሚስ ከልኩ ትንሽ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፣ ሙሽራ ትከሳለችና። ሩጫው፣ ጭንቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሠርጉ እስኪደርስ ያመነምናታል። ደህና ሰፊ ግን በውስጥ በኩል ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፣ ካልከሳች እንዲለቀቅላት። እኔ ትርፍ አልተውኩም። ጥለቱ ወገቧ ላይ እንዲገጥምልኝ ብዬ ትርፉን ቆርጬ ጣልኩት። ጨርቁ ሸማኔው ለእሷ ብሎ የሠራው ነው፣ ሌላ ቁራጭ የለውም። ለሊሴ ደግሞ በጭንቀት ባንዴ የምትከሳ ልጅ አልነበረችም። በልታና ተኝታ፣ በቀስታ የምትቀንስ ነበረች። ይህን ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም።

ልትለካው ስትመጣ ዚፑ መሀል ጀርባዋ ላይ ቆመ።

ምን ማለት ነበረብኝ? «አጥፍቻለሁ፣ አጥብቤ ቆረጥኩት።» ይኸው ነበር። ነገር ግን ሱቁ ውስጥ ሌሎች ደንበኞች ተቀምጠው ያያሉ፣ እኔ ደግሞ እጇ የማይስት አስካለ ነኝ። «ወፍረሻል ልጄ» አልኳት።

«እንዴ፣ ቀንሻለሁ እኮ እትዬ! ሚዛን ላይ ወጥቻለሁ።»

«ሚዛን ይዋሻል፣ ጨርቅ አይዋሽም» አልኳት እኔ። ሜትሩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ጊዜ ባዞርባት ወገቧ ከመጀመሪያው ልክ ማነሱን ሁላችንም እናይ ነበር። እኔማ ቀድሞውንም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወፍረሻል ያልኳት እያየሁ ነው። ይህን አስምሩልኝ፣ ተሳስቼ አይደለም የተናገርኩት።

መስታወቱን አየች። «ታዲያ ያ ሁሉ መራመድ ለምን ነበር?» አለች። እዚያ ላይ እንኳ ልመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። «መራመድ የሽማግሌ ነው፣ ሠርግሽ ደርሷል» ብዬ በቴሌግራም የማቅጠኛ ክኒን የምትሸጥ አንዲት ደንበኛዬን ስልክ ሰጠኋት። ክኒኑ ምን እንዳለበት አውቅ ነበር? አላውቅም። ጠይቄ ነበር? አልጠየቅኩም። ቀሚሱ እንዲዘጋልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ክኒኑን ስትውጥ ሰንብታ መጣች፣ ቀሚሱም ተዘጋ። ፊቷ ገርጥቶ፣ እጆቿ እየተንቀጠቀጡ፣ ዚፑ እስከ ላይ ወጣ። «አላልኩሽም?» አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ብያታለሁ።

በሠርጉ ሰው ሁሉ ቀሚሱን አደነቀ። በመልሱ ቀን እየጨፈረች ወደቀች። ሐኪሞቹ ክኒኑ ልቧን ጎድቶታል አሉ። ተረፈች፣ ግን ዳገት መውጣት ተከለከለች። ኦቦ ደበላ ዛሬም ማለዳ ብቻቸውን ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን ሰበታ ድረስ ይወርዱና በሱቄ ሲያልፉ ቆብ አንስተው «አካም ቡልቴ፣ አስካለ?» ይሉኛል። ደህና አደርኩ እላለሁ። ደህና አድሬ አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ምስጋናዋ ነው። ለሊሴ ክኒኑን የወሰደችው በራሷ ጥፋት ይመስላታል። «ሁሉም ሲያባብለኝ እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» ትላለች፣ የምታውቃትን ሙሽራ ሁሉ ወደ እኔ ትልካለች። እሷ ራሷ እስከዛሬ ጠግባ አትበላም። እጇ አጥንት ሆኖ ወፍሬያለሁ ትላለች። እንዲህ አድርጎ ያስተማራት ማን ነው? እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ትንሿን ልጇን ይዛ መጣች፣ የበዓል ቀሚስ እንድሰፋላት። ሜትሩን ሳነሳ ለሊሴ ጎንበስ ብላ ልጅቷን «ሆድሽን ሳቢ» አለቻት።

«ለምን?»

«እትዬ አስካለ ወፍረሽ እንደሆነ ይነግሩሻል። እሳቸው ዋሽተው አያውቁም።»

ልጅቷ ሆዷን ስባ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀና ብላ አየችኝ። ፍርዴን ትጠብቃለች። «ተንፍሺ ልጄ» አልኳት። እውነቱን ሳልነግራቸው ልኳን ወስጄ ሸኘኋቸው። ቀሚሷን ሰፍቼ እስክጨርስ ብቻዬን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የደንበኞቹ ዓይን ነው፣ ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው ብዬም አላመካኝም። ቅዳሜ ለሊሴ የልጇን ቀሚስ ልትወስድ ትመጣለች። ለእናንተ የነገርኳችሁ አፌን ልለማመድ ብዬ ነው። ልጇ ፊት፣ ሱቁ ሰው በሞላበት፣ እንዲህ እላታለሁ፦ ለሊሴ፣ አንቺ ቀንሰሽ ነበር። ቀሚሱን ያጠበብኩት እኔ ነኝ።