የዘይኑዲን ኤምጂና የዘገየው መርዶ

ዘይኑዲንን የሚያውቀው ሁሉ በታክሲው ነው የሚያውቀው። በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ አስኮት ቬል የሚባለው ሰፈር ባሉት የመንግሥት ፎቆች ውስጥ እሱ ኤርፖርት ያላደረሰው፣ ሆስፒታል ያልወሰደው አበሻ የለም። ታዲያ በፈረንጅ 2004፣ ሃምሳ ሊሞላው ሲል፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት አሮጌ አረንጓዴ የእንግሊዝ መኪና፣ ኤምጂ፣ ገዝቶ ሲመጣ ሰፈሩ ሳቀበት።

«አራት ቤተሰብ ይዘህ?» አለው ጓደኛው ናሲር። «የቀረውን ኮፈኑ ላይ ልትጭን ነው?»

«በተራ አንሸራሽራችኋለሁ። አንተ መጨረሻ ነህ።»

ሚስቱ ኡሙሰልማ ግን አልሳቀችም። ነገሩ የመኪና ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ዘይኑዲንን ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ሰዓድ ነው፤ ደሴ ውስጥ መካኒክ። በጃንሆይ ጊዜ የአንድ እንግሊዛዊ አስተማሪ ኤምጂ የምትጠገነው በሰዓድ እጅ ነበር። ደርግ ሲመጣ ሰውየው አገሩ ገባ፤ መኪናዋም የት እንደገባች ጠፋ። ሰዓድ ግን ወሬዋን አልተወም፤ ሚስት እንደሞተችበት ሰው ባነሳት ቁጥር ይተክዛል። እና ዘይኑዲን ይቺን ገዛና በየሳምንቱ ይደውል ጀመር፤ ወንድምየው ደሴ ተቀምጦ በስልክ ያሠራዋል።

«ሁለት ካርቡሬተር አላት። የጎማ ቱቦ ጆሮህ ላይ አድርግና በተራ አዳምጣቸው። ፉጨታቸው እኩል እስኪሆን በካቻቪቴ ነካ ነካ አድርግ። እኩል ሲሆን ስልኩን ሞተሩ ላይ ያዝልኝ፤ ልስማት።»

ዘይኑዲን የሚደክመው ለዚያች ቀን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከደሴ ስልክ ሲመጣ ያነሳችው ኡሙሰልማ ናት። ሰዓድ በድንገት ሞቶ በዕለቱ ተቀብሯል። እሷም እንደ አገሯ ሰው አፏን ያዘች። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሚስትም ብቻዋን አትነግርም፤ መሪ ይዞ ለሚያድር ሰውማ ጭራሽ። ለናሲር ብቻ ነገረችው። ነጋሪው የሰዓድ አብሮ አደግ ጋሼ መኮንን ይሁኑ ተባለ፤ እሳቸው ደግሞ ሩቅ ከተማ፣ ፐርዝ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል፣ የሚመለሱት በሳምንቱ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንዲነገር ቀጠሮ ተያዘ።

አሥራ አንድ ቀን ዋሸች። አገር ቤት የሚደወልባቸውን የስልክ ካርዶች ደበቀች። ልጇ ሀይፋ ነገሩን ስትሰማ በእንግሊዝኛዋ «ይህ እኮ ጭካኔ ነው» አለቻት። ሰኞ ዕለት ዘይኑዲን እጁ ግራሶ እንደሆነ እየሮጠ ገባ።

«እኩል ሆኑልኝ። ካርድ የት አለ?»

«የደሴ መስመር ተበላሽቷል አሉ።»

«የክረምቱ ዝናብ ነው። አይዞሽ፣ እስከ ቅዳሜ ይሠራል» ብሎ እሷኑ አጽናናት። ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት አምስት መኪና ሙሉ ሰው መጣ። ዘይኑዲን ፓርኪንጉ ላይ ኤምጂዋን እያሞቀ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ፊቱ በራ።

«መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ ልትሉኝ ነው? አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምሳ ይሠራ ነበር። ጋሼ፣ አንቱ ይቅደሙ» ብሎ ቱቦውን ለጋሼ መኮንን ሰጣቸው።

ሽማግሌው የሚያደርጉት ጠፋቸው። ተቀብለው አጎነበሱ። አንዱን አዳመጡ፤ ሌላውንም አዳመጡ።

«እኩል ነው?»

«እኩል ነው፣ ዘይኑ። አሁን አጥፋት።»

አጠፋት። ያኔ ነው ከመጣው ሰው አንድም መኪናዋን የሚያይ እንደሌለ ያስተዋለው። ናሲር ቀስ ብሎ ከኋላው ቆሟል፤ እጆቹን ዘርጋ አድርጎ፣ ሊወድቅ ያለን ሰው እንደሚጠብቅ። ዘይኑዲን ይህን አቋቋም ያውቀዋል። የናሲር እናት መርዶ ሲነገር ከናሲር ኋላ እንዲህ የቆመው እሱ ነበር።

«ሰዓድ ነው?» አለ።

ጋሼ መኮንን «አላህ ጽናቱን ይስጥህ» ሲሉ ወደ ኋላው ወደቀ፤ ናሲር ያዘው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ኡሙሰልማን በዓይኑ ፈለጋት። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። የቁጣ ቃል ጠብቃ ነበር።

«መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት። ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ እኔ ምን እያደረግሁ ነበር?»

ያን ቀን ስልኩን እንደያዘች በመስኮት ቁልቁል አይታዋለች። ኤምጂዋ ውስጥ ተቀምጦ፣ መሪውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣ ብቻውን ያንጎራጉር ነበር።

«ሥራ ላይ ነበርህ» አለችው።