የቀማሽ ያለህ

በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ለራሱ ይቀዳል። ስግብግብነት አይደለም። ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንግዳው እያየው ፉት ይላል፣ ከዚያ ጣሳውን ይሰጣል። ምንም የለበትም፣ እኔም ጠጥቼዋለሁ ማለቱ ነው። ልጅ ሳለሁ የዓለም ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ ሆቴል ገብቼ አስተናጋጁ ቢራውን ከፍቶ ሳይቀምስ ጥሎኝ ሲሄድ ልቤ ደንገጥ ብሎ ነበር።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠላ እየጠመቀች አሳደገችን። በራችን ላይ በረጅም ዘንግ ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነበር፤ እሱን ያየ ገበሬም ሆነ ጋሪ ነጂ ጎንበስ ብሎ ይገባል። በደንቡ መሠረት መቅመስ ያለባት እሷ ነበረች። በእኛ ቤት ግን የሚቀምሰው አባቴ ነው። አዲስ ጋን በተከፈተ ቁጥር በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ይዘረጋል። እሷ ታንቆረቁርለታለች። እሱ ፉት ይልና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ጌሾው በዝቷል።» እሷ ትቆጣለች። «ሰው ሁሉ የወደደውን አንተ ምን ሆነህ ነው የምትጠላው?» ትለዋለች። በሚቀጥለው ጥንስስ ግን ጌሾውን በስውር ቀነስ ስታደርግ አይቻት አውቃለሁ።

አባቴ ሲሞት ለአርባው የጠመቀችው ጠላ እሱ ያልቀመሰው የመጀመሪያ ጠላ ሆነ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ጋኑ ሲከፈት ጣሳውን ይዛ ቆመች። መዳፏን አልዘረጋችም። «ቀማሼ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ጠላ በአፌ አይዞርም» አለች። ለታቦት የተሳለችው ስለት አልነበረም፣ ቄስም አልገዘታትም። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ያውም ከእናቴ አፍ።

እኔ ቤት እስካለሁ ድረስ ይህ ነገር ብዙ አላስቸገረንም። በእሷ ፈንታ እኔ እቀምሳለሁ፤ «ጥሩ ነው» እላለሁ፤ ደንበኛው ይስቅና ይጠጣል። ኋላ መምህር ሆኜ መርጡለ ማርያም ስመደብ ቤቱ ያለ ቀማሽ ቀረ። እናቴ ሳትቀምስ መቅዳት ጀመረች። የሚያውቋት ዝም አሉ። የማያውቋት ጣሳውን ይቀበላሉ፣ ትኩር ብለው ያዩታል፣ መሬት ያስቀምጡትና የረሱት ነገር እንዳለ ሰው ተነሥተው ይወጣሉ። እያደር የሚያውቋትም «ለመሆኑ ባሏ በምን ነበር የሞተው?» ማለት አመጡ። አባቴ የሞተው በሳንባ በሽታ ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ግማሹ ከተማ ጠይቆታል። ለወሬ ግን ይህ ሁሉ ምኑም አይደለም። ለእረፍት ስመጣ መደቡ ባዶ ነበር። ዘንጉ ላይ ያለውን ጣሳ ነፋስ ያንቋቋዋል። በጣም ተናደድሁ፤ በሰዉም፣ በእሷ ግትርነትም።

ከተማው ውስጥ የጠላ ውድድር ያለበት ባዛር ይደረጋል የተባለው በዚያው ሰሞን ነው። ጥር ነበር፤ አዝመራው ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ሠርግ በሠርግ የሚሆንበት ወቅት። ሞባይል ስልክ ገና ብርቅ ነበር። እናቴን ያስመዘገብኋት እኔ ነኝ። ከዳኞቹ አንዱ አገር የሚፈራቸው መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው በሕዝብ ፊት የእናቴን ጠላ ከጠጡ ወሬው እዚያው ይሞታል፣ ደንበኛውም ይመለሳል ብዬ ነበር። እሳቸው እምቢ ካሉ ደግሞ ጣሳውን ከዘንጉ ላይ ማውረድ ብቻ ነው የሚቀረን። ይህንንም አስቤዋለሁ። ሆኖም ዝግጅቱን የሚመራው ወጣት ውድድሩ በመጋረጃ እንደሚሆን ነግሮኛል። ጠማቂዎቹ ከጀርባ፣ ዳኞቹ ከፊት ይሆናሉ። ለማድላት እንዳይመች ማን የጠመቀችውን እንደሚጠጡ የሚያውቁት ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ነው። እንግዲያስ ማን እንደቀመሰችና ማን እንዳልቀመሰችም የሚያይ የለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ አገሩን ከማያውቅ ሰው ቢመጣ አይገርምም፤ ወጣቱም እኔም ግን እዚያው ተወልደን ያደግን ነን።

ጋኑን በጭድ ደግፈን በጋሪ ወሰድነው። መንገዱ ጠላውን ነቅንቆት ኖሮ ገና ሜዳው ሳንደርስ አፉ ላይ የተደፋውን እፊያ ገፍቶ ቀሚሴ ላይ ፈላ። ቀኑን ሙሉ እንደ ድፍድፍ ስሸት ዋልሁ። ሜዳው ላይ አንድ ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር፤ ጥላው ላይ ደግሞ ከአማኑኤል ከተማ የመጣች ጠማቂ ቀድማን ጋኗን ተክላለች። ጠላዋ አሻሮው በጣም የተቆላ፣ የጠቆረ ነው። ድምጿ የድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም።

«እታለም፣ ጠጋ በይልን» አለቻት እናቴ። «ያንች ጠላ እንደሁ ራሱ ጨለማ ነው፤ ጥላ ምን ያደርግለታል?»

«ያንችማ ኩልል ብሎ የለም እንዴ» አለች ሴትዮዋ። «ምንጭ ነው ብለው እንስራ ይዘው እንዳይመጡብሽ።»

እስከ ረፋድ ድረስ እንዲህ ሲነካከሱ ቆዩ። የሚገርመው፣ እናቴ እንደዚያ ስትመልስ ከሰማኋት ዓመታት አልፈው ነበር።

መጋረጃው ተዘረጋ። ጋኖቹ ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጻፈ። ወጣቱ ከመጀመሪያው ጋን ቀድቶ ጣሳውን ለመሪጌታው አቀረበ። መሪጌታው አልተቀበሉትም።

«ማን ቀመሰው?» አሉ።

«እኔ ልቅመስልዎ፣ የኔታ» አለና ወጣቱ ግማሹን ጨለጠው።

«አንተ ነህ የጠመቅኸው?»

«አይዶለም።»

«እንግዲያ ያንተ መቅመስ ምን ይረባኛል? የጠመቀችው ትቅመስልኝ።»

ሌሎቹ ሁለት ዳኞችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጣቱ ስሟ እንዳይታወቅ ነው ብሎ ቢያስረዳ ቢያስረዳ ሰሚ አጣ። በመጨረሻ ምላጭ አስመጥቶ መጋረጃውን ቀደደና ጠማቂዋ እጇን ብቻ እንድታወጣ ተስማሙ። እጅ ወጣ። ጠላ ተንቆረቆረለት። እጁ ተመልሶ ገባ።

«አፏን አላየሁም» አሉ መሪጌታው።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ወጣቱ ላብ አጠመቀው። አፍ የሚያህል ሌላ ቀዳዳ ሊቀድ ምላጩን ሲያነሣ የጥር ነፋስ ቀደመው፤ መጋረጃውን ከነእንጨቱ ነቅሎ ጋሪዎቹ ላይ ጣለው። ከደነገጡት ፈረሶች አንዱ ጋሪውን እየጎተተ ሜዳውን አቋርጦ ከአንድ የአተላ ባልዲ ዘንድ ሲደርስ ድንጋጤውን ረሳው። ባለቤቱ ቢጎትተው ቢመታው ባልዲውን ሳይጨርስ ቀና አላለም። ይህን ጊዜ ተመልካቹም የተከለለበትን ገመድ አልፎ ገባ። ወጣቱ በማጉያው «እባካችሁ፣ ውድድር ነው! እባካችሁ፣ ተራ ጠብቁ!» ይላል፤ እሱም ከየጋኑ ሲቀምስ ስለቆየ ምላሱ መተሳሰር ጀምሯል። የማላውቃቸው ሽማግሌ ጣሳ አስይዘውኝ ቆሜ ሳልጨርስ እንዳልሄድ ከለከሉኝ። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ለአንድ አፍታ ለምን እንደመጣን ራሱ ተረሳኝ።

መጋረጃው ሲቀር ደንቡ ተመለሰ። እያንዳንዷ ጠማቂ ዳኞቹ ፊት እየቀመሰች ትሰጥ ጀመር። የእናቴ ተራ እየቀረበ ሲመጣ ነው ሳቄ የጠፋው። ስትነሣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጣሳውን ሞላች፤ በሁለት እጇ ለመሪጌታው ዘረጋችላቸው።

«ቅመሽዋ፣ ልጄ።»

«አልቀምስም፣ የኔታ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሕመም ነው?»

«አይዶለም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጠላ በአፌ ዙሮ አያውቅም። ቃሌ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው «አላልኋችሁም?» ሲል ሰማሁ። ሰው ገፍትሬ ወጣሁና መዳፌን ዘረጋሁ።

«እኔ እቀምሰዋለሁ፣ የኔታ። ቤትም የምቀምሰው እኔ ነኝ።»

«አንች ልጇ ነሽ» አሉ። «ልጅ ለእናቱ ሲመሰክር ማን ይቀበለዋል?» ክፋት አልነበረባቸውም። ጣሳውን ግን አልነኩትም፤ እናቴም እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «እማ፣ አንድ ጊዜ፣ ከንፈርሽን ብቻ አስነኪው» አልኋት።

«እያስገደዱኝ?» አለችኝ። «የአባትሽን ነገር ለውድድር ብዬ ላፍርሰው?»

እዚያ ያመጣኋት እኔ ነኝና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ወዲህ በሉት» የሚል ድምፅ መጣ። የአማኑኤሏ ሴት ናት። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጥታ መካከል ገባች። «እኔ እቀምስላታለሁ።»

«አንች ደግሞ ምኗ ነሽ?» አሉ መሪጌታው።

«ባላጋራዋ ነኛ። ከጧት ጀምሮ ስትሰድበኝ አልሰሙም? ለእሷ ብዬ የምዋሽ ይመስልዎታል? ለእሷ ብዬስ የምሞት?»

መዳፏን አልዘረጋችም። ጣሳውን ከእናቴ እጅ ወሰደችና እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። ሕዝቡ ትወድቃለች ብሎ እንደሚጠብቅ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እሷ አፏን ጠርጋ ዙሪያውን አየች። «ከሞትሁ ተወዳዳሪ ቀነሰላችሁ» አለች። «እስቲ ድገሚኝ፣ አንዱ አይበቃም።»

ከዚያ ሌላዋ ጠማቂ ጋኗን ትታ መጣችና መዳፏን ዘረጋች። ቀጥሎ ሌላዋ መጣች። የስንዴ ጠላ የጠመቀችው አሮጊት መጣች፤ ጠላ እንደማትወድ ቀኑን ሙሉ ስትናገር የነበረችውም መጣች። እናቴ ዓይኗን ሳታነሣ ታንቆረቁራለች። ከጠማቂዎቹ ሁሉ የቀረችው አንዲት የደጀን ሴት ብቻ ነበረች፤ ጋኑን ጥዬ ብሄድ ማን ይጠብቅልኛል ብላ ነው። ጠማቂዎቹን አይቶ ደግሞ ተመልካቹ ጣሳውን እየያዘ ተሰለፈ። ለዳኞቹ ሊቀዳ ሲታሰብ ጋኑ ተዘቅዝቆ የወጣው አንድ ጣሳ ነው። እሱን መሪጌታው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ቆመው ጠጡት። «ማለፊያ ነው» አሉ፤ ባዶውን ጣሳም ለእናቴ ጎንበስ ብለው መለሱላት።

ሁለቱ ዳኞች ስላልደረሳቸው የእናቴ ጠላ ሳይዳኝ ቀረ። ዳኞቹ ለመለየት ዳግም ሊቀምሱ ሲሉ የሌሎቹም ጋን ባለቤቶቹ እኛ ዘንድ ሳሉ በሕዝቡ ተራቁቷል። ስለዚህ ያሸነፈችው ጋኗን ስትጠብቅ የዋለችው የደጀኗ ሴት ሆነች። ሽልማቱ ትልቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነበር፤ ወጣቱ በርሜሉን ተደግፎ ቆሞ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት በርሜሉ ተንከባለለና አብሮት ሄደ። እናቴ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

የአማኑኤሏ ሴት መኪና አመለጣት፤ እኛ ቤት ልታድር መጣች። ጀንበር ስትጠልቅ መደቡ ላይ፣ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣ ማንም ሳያሳያት ተቀመጠች። እናቴ ለቤት ካስቀረችው ገንቦ ቀዳችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«አሁን ሰው የለም» አለቻት። «እውነቱን ንገሪኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጠላው ነዋ።»

ሴትዮዋ ጣሳውን አየት አድርጋ እንደገና ፉት አለች። «አትቆጭም?»

«ንገሪኝ ብያለሁ እኮ።»

«ጌሾው በዝቷል።»

እናቴ ልትቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከአርባው ወዲህ ስታለቅስ ሳያት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ለካስ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ከማለት በቀር ደፍሮ የነገራት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ሴትዮዋ ደንግጣ «እታለም፣ ባልናገረው ይሻለኝ ነበር» ማለት ጀመረች።

እናቴ ዓይኗን ጠረገች። መዳፏን ዘረጋች።

«አንቆርቁሪልኝ» አለቻት።

ሴትዮዋ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ጣሳዋን አዘነበለችና ጠብ አደረገችላት። እናቴ ፉት አለች። ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«እውነትሽን ነው» አለች። «በዝቷል።»