ሦስተኛዋ ግልገል

ውቤ በረሃ አቅራቢያ ከፈረሱት ቤቶች በአንዱ የተረፈው ደረጃው ብቻ ነው። ከሥራ ስመለስ ከደረጃው ሥር ሦስት የድመት ግልገሎች ሲጮኹ ሰማሁ። እናታቸው ትመጣ ይሆናል ብዬ እስኪመሽ ቆምኩ፤ አልመጣችም። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ሳላስበው ጆሮዬን እጥላለሁ።

ሦስቱም ጥቁር ነበሩ። በካርቶን ይዣቸው ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «ጥቁር ድመት እዚህ ቤት አይገባም» አለች። ለጎረቤት ድመት ወተት የምታስቀምጠው እሷው ናት፤ ለምን ብዬ ብጠይቃት በሩን ዘጋችብኝ። በዚህ ዘመን ቀለም የሚፈራ ሰው ደሜን ያፈላዋል። አኩርፌ ግቢው ውስጥ ካለው ማድ ቤት አሳደርኳቸው።

ፒያሳ በምሠራበት ኬክ ቤት፣ ባንኮኒው ጋ ማኪያቶ የሚጠጣውን ሁሉ ለመንኩ። «መብራት ሲጠፋ በምን እናገኛታለን?» እያሉ አሾፉብኝ። ደግነቱ አንድ የወሎ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ አንዷን «ቢስሚላህ» ብለው በኮታቸው ሸፍነው ወሰዱልኝ። ሁለተኛዋን የሰፈራችን ባለሱቅ ወሰዳት። «አይጥ እንደሆነ ቀለም አይመርጥ» አለኝ።

ሦስተኛዋ ቀረች። ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ደርባባ ሴት ከሰው ሰምታ ቤታችን ድረስ መጣች። ግልገሏን አገላብጣ ሆዷን፣ ከጅራቷ ሥር፣ የጣቶቿን መሃል ሳይቀር አየች።

«አንድም ነጭ ጠጉር የለባትም አይደል?»

«ድፍን ጥቁር ናት!» አልኩ። ጥቁርነቷን የሚወድላት ሰው ተገኘ ብዬ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እናቴ ከቤት ወጥታ ግልገሏን ከሴትዮዋ እጅ ነጠቀቻት።

«አለባት። ጉሮሮዋ ላይ ነጭ አለባት።»

አልነበረባትም። እናቴ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

የሴትዮዋ ዓይን እንባ ሞላ። «ወንድሜ ታሞብኝ ነው፣ እማማ። ይስጡኝ።»

«እግዜር ይማርልሽ፣ ልጄ። ሐኪም ቤት ውሰጂው። ይቺን ግን አልሰጥሽም።»

ሴትዮዋ ስትሄድ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ግልገሏ እቅፏ ውስጥ ነበረች። እስከዚያ ቀን ነግራኝ የማታውቀውን ያኔ ነገረችኝ። ልጅ ሳለች በጠና ታማ፣ በሽታዋን ይዛላት የምትሄድ ድፍን ጥቁር ድመት ለጭዳ ታዘዘች። ቤት ውስጥ የነበረችው ጥቁር ድመት ደግሞ አብራት የምትተኛው የራሷ ድመት ነበረች።

«በራሴ ላይ ሲያዞሯት ለእኔ የሰጧት መስሏት ጠጉሬን በጥፍሯ ያዘች» አለች። «አልለቅም አለች። ከጠጉሬ አላቀው ወሰዷት። በማግስቱ ትኩሳቴ በረደ፤ ቤቱ በእልልታ ተሞላ።»

እናቴ የግልገሏን ጀርባ ዳበሰች።

«ዳንኩ፤ አንቺንም ወለድኩ» አለችኝ። «ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድመት በምን ዓይኔ ልይ?»

ግልገሏን ግን አላወረደቻትም። እንዳቀፈቻት ተነስታ ወደ ቤት ገባች።